ስለቱ ከሶሊንገን፣ አፎቱስ ከማን?

ገበያ ላይ የምታገኙት ገጀራ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለውም። ስለትና እጀታ ትገዛላችሁ፣ ሻጩ በካርቶን ጠቅልሎ ይሰጣችኋል፣ አለቀ። ከቤቱ እስከ ማሳው ለሚሄድ ገበሬ ይሄ ችግር አይደለም። እኔ ግን የምኖረው ቦሌ መድኃኔዓለም ነው። ከጓደኞቼ ጋር ቦንጋ አካባቢ ጫካ ውስጥ ድንኳን ልንጥል ስናስብ፣ ራቁቱን ስለት ይዞ መናኸሪያ መግባት የሚሞከር አልነበረም። ገጀራ የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ዘመን ሰው ያስደነግጣል፤ የሚደነግጠውም ሰው አይፈረድበትም። ስለዚህ አፎት ልሰፋለት ወሰንኩ። እንደ ሥራ ልማዴም መጀመሪያ «ይሄን ከዚህ በፊት ማን ሠርቶታል?» ብዬ ፍለጋ ገባሁ።

አፎት፣ ወይም ሰገባ፣ በአገራችን ተራ ሥራ አልነበረም። ሾተልን አስቡት። እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በሁለቱም ጎን ስለት ያለው፣ ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ሰይፍ ነው። አፎቱም አብሮት መጉበጥ አለበት። ከጠበበ ሰይፉ በጭንቅ ሰዓት አይመዘዝም፤ ከሰፋ መንገድ ላይ ሾልኮ ይወድቃል። ባለቤቱ ደግሞ የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው፤ ግራ እጁ ጋሻ ይዟል። አፎት ሰፊው እንግዲህ ከቆዳው በላይ የሰውየውን አካሄድና እጅ አዘራር ማወቅ ነበረበት።

ጎራዴ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በምኒልክ ዘመን ብዙ የጎራዴ ስለቶች ከአውሮፓ ይመጡ ነበር፤ ከነዚህም መካከል ጀርመን ውስጥ ካለችው ሶሊንገን ከተማ የመጡ አሉ። አንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳና የግእዝ ጽሑፍ ተቀርጿል። ብረቱ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ከአውራሪስ ቀንድ የሚሠራው እጀታና የቆዳው አፎት ግን እዚሁ ይሠራሉ። በኛ ሙያ ቋንቋ፣ ላይብረሪው የውጭ ነው፤ ከሰዉ ሕይወት ጋር የሚያገናኘው ክፍል ግን የአገር ቤት ነው። ሌላም ቦታ እንዲሁ ነበር። በ1826 እ.ኤ.አ. ኮነቲከት ውስጥ የተቋቋመው የኮሊንስ ኩባንያ ገጀራውን ላቲን አሜሪካ ድረስ ይልክ ነበር፤ እዚያም አፎቱን የሚሰፉት የየሰፈሩ ቆዳ ሠሪዎች ነበሩ።

ልዩነቱ ስም ላይ ነው። ፋብሪካው ማኅተሙን ብረቱ ላይ ይመታል። አፎቱን የሰፋው ሰው ግን የትም አልተጻፈም። እኛ ጊት ላይ አንድ መስመር ኮድ እንኳን ማን መቼ እንደጻፈው እናያለን፤ ይሄኛው ታሪክ ግን ባለቤት የሌለው ኮድ ነው።

ምክንያቱ መርሳት ብቻ አይመስለኝም። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። «ቡዳ ነው» ተብሎ ይፈራል፣ ከጋብቻ ይገለላል፣ በብዙ ቦታም መሬት የለውም። ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር የሚያሳየው ራሱ አዋጁ ነው፦ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ሠራተኛውን መስደብ እሳቸውን እንደ መስደብ መሆኑንም አሳሰቡ። አድዋ ላይ ከተዘመተ 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከዘማቹ ወገብ ላይ ከተንጠለጠለው ብዙውን የሠሩት እነዚሁ የሚሰደቡት እጆች ነበሩ።

ያው የቆዳ ሙያ መጻሕፍትንም አልብሷል። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ፋይል የምናስቀምጥበትን «ማህደር» ስንል የምንጠራው የነሱን ሥራ ነው።

ምናለሽ ተራ ካገኘሁት የአሮጌ ሻንጣ ወፍራም ቆዳ ቆርጬ ስሠራ፣ ያስተማሩኝ ሰፈራችን ያሉ ጫማ ሰፊ ናቸው። ሁለቱን ቆዳ ብቻ ገጥሜ ልሰፋ ስል አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ስለት መጀመሪያ የሚበላው ክሩን ነው» አሉኝ። በስለቱ በኩል ሦስተኛ ቀጭን ጠፍር መሀል አስገቡ፤ ብረቱ እሱን ይነካል እንጂ ስፌቱ ጋ አይደርስም። ቀዳዳውን በወስፌ በስተን፣ አንዱን ክር ከሁለቱም ጫፍ በሁለት መርፌ እያመላለስን ሰፋን፤ አንዱ ዙር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ጫፉ ላይ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ተውን፤ እርጥብ አፎት ብረት ያዝጋልና። «ይሄን የት ተማሩት ጋሼ?» ስላቸው «ከአባቴ» አሉና ዝም አሉ። የአባታቸው ሙያ ያኔ ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ዛሬ ቦሌ ላይ የቆዳ ቦርሳ የሚሠራ ሰው ዲዛይነር ይባላል፣ ስሙም ከውስጥ በኩል ይታተማል። ደስ ይላል፤ ቢዘገይም። እስከዚያው ሙዚየም ገብታችሁ ጎራዴ ካያችሁ፣ ስለቱን አድንቃችሁ አትለፉ። ጎንበስ ብላችሁ የአፎቱን ስፌት እዩት። የዚያ ሰው ፊርማ ያለው እዚያ ብቻ ነው።