ስሙን ያጣው ወይን፦ የካርሜኔር ታሪክ

አንድ የእርሻ ተክል ዝርያ በሁለት መንገድ ሊጠፋ ይችላል። አንደኛው ተክሉ ራሱ ከማሳ ሲጠፋ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተክሉ እየለማ፣ እያፈራም፣ ስሙ ሲጠፋ ነው። ለቀይ ወይን ጠጅ ከሚውሉት የወይን ዝርያዎች መካከል ካርሜኔር የተባለው ሁለቱም ዕጣ ደርሶበታል። በትውልድ አገሩ በፈረንሳይ ተክሉ ሊጠፋ ተቃረበ፤ በስደት አገሩ በቺሌ ደግሞ ስሙ ጠፍቶ ከመቶ ዓመት በላይ በሌላ ስም ሲጠራ ኖረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካርሜኔር ጥንታዊ መኖሪያ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የቦርዶ አውራጃ፣ በተለይም ሜዶክ ነው። ስሙ ካርሚን ከተባለው ደማቅ ቀይ ቀለም ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ይህም ቅጠሉ ሊረግፍ ሲቃረብ የሚለብሰው ቀለም ነው። ከፍሬው የሚገኘው ጠጅ ጥልቅ ቀለም ያለውና የተከበረ ነበር። ሆኖም አንድ ብርቱ ድክመት ነበረበት፤ የአበባው ወራት ቀዝቃዛና ዝናባማ የሆነ እንደሆነ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው በጥራቱ ቢወደውም በምርቱ ሊተማመንበት አልቻለም።

ይህ ድክመት ወሳኝ የሆነው ፊሎክሴራ የተባለችው ሥር መጣጭ ተባይ በመጣች ጊዜ ነው። ከሰሜን አሜሪካ በመጡ የወይን ተክሎች ላይ ተሳፍራ በ1860ዎቹ ፈረንሳይ የገባችው ይህች ተባይ የአገሪቱን የወይን እርሻ ከዳር እስከ ዳር አደረቀችው። የሞንፔልዬው የዕፅዋት ሊቅ ዡል ኤሚል ፕላንሾንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1868 ተባይዋን በሥሩ ላይ አገኟት። ዘላቂው መፍትሔም የአውሮፓውን ወይን ተባይዋን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አጣብቆ መትከል ሆነ። ነገር ግን እርሻን እንደገና መትከል ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ገበሬው ምርታቸው ይበልጥ አስተማማኝ የሆኑትን እንደ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ያሉ ዝርያዎች መረጠ። ካርሜኔርም ከቦርዶ ማሳዎች ጨርሶ ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም።

ይሁን እንጂ ይህ መቅሠፍት ከመድረሱ በፊት የቦርዶ ወይን ባሕር ተሻግሮ ነበር። ሲልቬስትሬ ኦቻጋቪያ የተባሉት ቺሌያዊ ባለርስት በ1851 የፈረንሳይ ዝርያዎችን አስመጥተው እንደተከሉ ይነገራል። በዚያ ዘመን የመጡት ቁርጥራጮች አንዱ ከሌላው በጥንቃቄ ያልተለዩ ስለነበሩ ካርሜኔር ከሜርሎ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ማሳ ተተከለ። በሰሜን የአታካማ በረሃ፣ በምሥራቅ የአንዲስ ተራሮች፣ በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ የከለሏት ቺሌ ከፊሎክሴራ በመትረፏ፣ ወይኑ በገዛ ሥሩ እንደቆመ ኖረ።

ተክሉ ቢተርፍም የስሙ መሳሳት ዋጋ አስከፍሏል። ካርሜኔር ከሜርሎ በርካታ ሳምንታት ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ ነው። ማሳው በሙሉ «ሜርሎ» ተብሎ በሜርሎ ቀን ሲለቀም የካርሜኔሩ ዘለላ ገና ጥሬ ስለነበረ፣ ጠጁ የጥሬ ቃሪያ ሽታና ጣዕም ያመጣ ነበር። ብዙዎች ግን ይህን የቺሌ ሜርሎ ልዩ ባሕርይ አድርገው ተቀበሉት።

ስሕተቱ የታወቀው ኅዳር 24 ቀን 1994 ነው። ለሙያ ጉባኤ ወደ ቺሌ የሄዱት የሞንፔልዬው የወይን ዝርያ ሊቅ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ በማይፖ ሸለቆ የቪኛ ካርመንን እርሻ ሲጎበኙ፣ ሜርሎ በተባለው ማሳ መካከል ቆም ብለው አበባውን ተመለከቱ። የወንዴ ዘር ተሸካሚዎቹ ክሮች እንደ ሜርሎ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ የተጣመሙ ነበሩ። ይህም የካርሜኔር ምልክት ነው።

ግኝቱ ግን ወዲያው ሕጋዊ ስም አላገኘም። ካርሜኔር በቺሌ የዝርያ መዝገብ ስላልነበረ የመጀመሪያው ጠጅ በ1996 ለገበያ የወጣው ግራንድ ቪዱር በሚል ሌላ ጥንታዊ ስሙ ነበር። የአገሪቱ መንግሥት ዝርያውን በይፋ ያወቀው በ1998 ነው። ኋላም የዘር ምርመራ ሁለቱ ዝርያዎች የሚመሳሰሉበትን ምክንያት ገለጠ፤ ሜርሎም ካርሜኔርም የካበርኔ ፍራን ልጆች ናቸው። ዛሬ ከዓለም የካርሜኔር ተክል አብዛኛው የሚገኘው በቺሌ ሲሆን፣ በጊዜው ተለቅሞ በስሙ ይሸጣል። ቀድሞ እንደ ጉድለት የታየው ዝርያም የአገሪቱ መታወቂያ ሆኗል።

ይህ ታሪክ ለእርሻ ባለሙያ የሚነግረው ነገር ግልጽ ነው። ቁርጥራጩ ባሕር ሲሻገር ስሙ አብሮት የሚጓዘው በወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ከተሳሳተ የለቀማው ቀን፣ የጠጁ ጣዕምና የገበያው ስም ተከትለው ይሳሳታሉ። በአገራችንም በዝዋይ አካባቢ ሜርሎን ጨምሮ ከውጭ የመጡ የቀይ ወይን ዝርያዎች ይለማሉና ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የዘር ምርመራ ዛሬ ጥርጣሬን በአጭር ጊዜ ያስወግዳል። ይሁን እንጂ በማይፖ ማሳ ጥርጣሬውን የጫረው መሣሪያ አልነበረም፤ በአበባ ወራት ወደ ማሳ ወርዶ ተክሉን ከስሙ ጋር ያመሳከረ የባለሙያ ዓይን ነበር።