ብሮውዘራችሁ ተንቀራፈፈ? ኮምፒውተሩን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

«ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ክሮም ስከፍት ስታክ ያደርጋል። ፎርማት ላስደርገው ወይስ ልሽጠው?» የምትሉን ብዙ ናችሁ። የኛ ምክር አንድ ነው፦ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። በቅደም ተከተል እንየው።

1. ኢንተርኔቱ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?
ስልካችሁንና ኮምፒውተሩን ከአንድ ዋይፋይ ጋር አገናኙና ተመሳሳይ ድረ ገጽ ክፈቱ። ስልኩም ላይ ከዘገየ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው። ስልኩ ላይ ቶሎ ከከፈተ ግን ወደ 2 እለፉ።

2. ራሙን ማን እየበላው ነው?
ክሮም የምትከፍቷቸውን ድረ ገጾች ለየብቻ ነው የሚያስኬደው። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ይጠቅማል፣ ራም ግን ይፈጃል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው። ኮምፒውተሩ በሙሉ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።
👉 ክሮም ላይ ሆናችሁ ሺፍት እና ኢኤስሲ አንድ ላይ ተጫኑ። እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን ስንት ሜሞሪ እንደያዘ ይዘረዝርላችኋል። ብዙ የያዘውን መርጣችሁ ዝጉት።
👉 ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ሜሞሪ ሴቨርን አብሩት። የማትጠቀሙባቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል፣ ስትመለሱባቸው እንደገና ሎድ ያደርጋል።

3. ኤክስቴንሽን ይሆን?
ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን ተጭናችሁ ኢንኮግኒቶ ክፈቱ። እናንተ ካልፈቀዳችሁላቸው ኤክስቴንሽኖች እዚያ አይሠሩም። ኢንኮግኒቶ ላይ ከፈጠነ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ጥፋተኛውን ፈልጉ። የማትጠቀሙበትን አስወግዱት።

4. ካሽ ማጽዳትስ?
ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚህ ነው። ካሽ ግን ከዚህ በፊት የከፈታችሁት ገጽ ቶሎ እንዲመጣና ዳታ እንዲቆጠብ የተቀመጠ ነው። በየቀኑ ብታጸዱት ዳታችሁን ነው የምታባክኑት። ገጹ ተበላሽቶ ሲከፈት ብቻ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ዲሊት ተጫኑና የምስልና የፋይል ካሽ የሚለውን ብቻ ምረጡ። ኩኪስ ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ከገባችሁባቸው አካውንቶች ያስወጣችኋል። ፓስወርድ የሚለውንማ በፍጹም እንዳትነኩት፣ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ይጠፋል።

5. ዊንዶውሱ ስንት ነው?
ዊንዶውስ 7 ወይም 8.1 ከሆነ ነገሩ ከፍጥነት ያለፈ ነው። ለእነዚህ የተሠራው የመጨረሻው ክሮም 109 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ አዲሱ ክሮም አይጫንባቸውም። አንዳንድ ድረ ገጾች በትክክል አይከፈቱም፣ አዲስ የሚገኙ የደህንነት ቀዳዳዎችም አይደፈኑም። ስለዚህ የባንክ አካውንትና ዋና ኢሜይላችሁን እዚያ ላይ ባትከፍቱ ይሻላል። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ክሮም ግን አሁንም ይሠራበታል።
አቅሙ ለአዲስ ዊንዶውስ ካልበቃ እንደ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀለል ያለ ሲስተም በነጻ አለ። ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ለመጫን ከወሰናችሁ ግን ፋይሎቻችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

6. ገንዘብ ካወጣችሁ በምን ላይ?
ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢኤስሲ ተጭናችሁ የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ክፈቱ፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ የሚለውን ተመልከቱ።
✅ ሜሞሪው ሁሌ ሊሞላ የደረሰ ከሆነ የሚያስፈልገው ራም ነው። ላፕቶፑ ራም መጨመር የሚቻልበት መሆኑን ግን ሳትገዙ አስፈትሹ፣ አንዳንዱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው።
✅ ሜሞሪው ቦታ እያለው ዲስኩ 100% ላይ የሚቆይ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ነገር ጥቂት ነው።

⚠️ «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት፣ ለማፍጠን ይህን ይጫኑ» እያለ ድረ ገጽ ላይ ብቅ የሚለውን እንዳትነኩት። ማስታወቂያ ወይም ራሱ ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ራም ያነሰው ኮምፒውተር ፎርማት ቢደረግም ብዙ ታብ ስትከፍቱበት ያው መንቀራፈፉ አይቀርም። የትኛው ቁጥር ላይ እንደተፈታላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ላፕቶፑን ሊሸጥ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።