ምስል ማሳነስ
ምስል ማሳነስ የዲጂታል ፎቶግራፍን የፒክስል ብዛት ወይም የፋይል መጠን ቀንሶ ለመላክና በስክሪን ለማሳየት ምቹ የማድረግ ሥራ ነው። ሁለቱ መንገዶች ይለያያሉ። ልኬቱ ሲቀነስ ፕሮግራሙ የአጎራባች ፒክስሎችን ቀለም አዋሕዶ ጥቂት ፒክስሎች ይሠራል፤ 4000 በ3000 የነበረ ፎቶ 1000 በ750 ሲሆን የፒክስሉ ብዛት ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ጭመቃ ግን ልኬቱን ሳይነካ ዝርዝሩን ያሳሳል። በሰፊው የሚሠራበት የጭመቃ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ጄፔግ፣ ናሲር አህመድና ባልደረቦቹ በ1974 ባሳተሙት የኮሳይን ስሌት ላይ የቆመ ነው፤ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ ዓይን እምብዛም የማይለየውን ረቂቅ ለውጥ ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። ፎቶው ተስተካክሎ ዳግም በተቀመጠ ቁጥር ጉዳቱ ሊጨምር ስለሚችል ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ ማቆየት የግድ ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከለትን ራሱ ይጨምቃል፤ በፋይል መልክ የተላከውን እንዳለ ያደርሳል። እንዳለ የደረሰ ፎቶ ታዲያ የተነሳበትን ሰዓት፣ አንዳንዴም ቦታውን የሚገልጽ ኤግዚፍ የተባለ መረጃ ይዞ ሊሄድ ይችላል።