ዘይት፥ ወይራና ሳሙና

የወይራ ዘይት ሳሙና ከሦስት ነገር ይሠራል፤ እነዚህም ዘይት፥ ውሃና በኖራ የበረታ የአመድ ጨው ናቸው። ሦስቱ በእሳት ሲዋሐዱ ዘይቱ ባሕርዩን ለውጦ ሳሙና ይሆናል። በዚህ ጥበብ ናብሉስና ሐለብ ከጥንት የታወቁ ናቸው፤ የሁለቱም ሙያ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል።

ነገር ግን ወይራ በበቀለበት አገር ሁሉ ይህ ሳሙና አልተሠራም። በቀይ ባሕር ማዶ፥ በየመን ወሰን አጠገብ ካለችው ከጂዛን በላይ በሚነሡት በሰራዋት ተራሮች ዑትም የሚሉት ዛፍ አለ፤ እርሱም ከእኛ የደጋ ወይራ ጋር አንድ ዘር ነው። ፍሬው ደቃቅ፥ ሥጋውም ስስ ስለ ሆነ ዘይቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ በጂዛን ቆላ ግመል በሚያዞረው መጭመቂያ ሲወጣ የኖረው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ለመታጠቢያም የቁርቁራ ቅጠል ይወቀጥ ነበር። በአገራችንም ልብስን ሲያነጣ የኖረው እንዶድ ነው፤ ይኸውም በፍሬው አረፋ ያጸዳል እንጂ ከዘይትና ከአመድ የተዋሐደ ሳሙና አይደለም።

በግእዝ «ዘይት» የዛፉም የቅባቱም ስም ነው፤ ደብረ ዘይትም ከዚህ ተሰየመ። በአማርኛ ግን «ወይራ» ሁለቱንም ዛፎች ይጠራል። ስለዚህ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 11 የበረሃውን ወይራ ከመልካሙ መለየቱን የሚያነብ ሰው፥ ዘይቱም ሳሙናውም ከመልካሙ እንደ መጡ ያስተውል።