የመጨረሻዋ ጨዋታና የዋንጫው ባለቤት

የአንድ የውድድር ዘመን የእግር ኳስ ጨዋታዎች ብዙ ቢሆኑም በሕዝብ ልቡና ተቀርጾ የሚቀረው የመጨረሻው ነው። ክረምትና በጋ የተለፋበት ሥራ ሁሉ በ90 ደቂቃ ውስጥ ይመዘናል። «መጨረሻውን ያሳምርልን» የሚለው የአገራችን ምርቃት በአዝመራ፣ በጋብቻና በመንገድ ላይ እንደሚባል ሁሉ በስታዲየም ደጃፍም ቢባል ያምርበታል። ዋንጫው ከፍ ብሎ ሲታይ ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ይህ ዋንጫ የማን ነው? የተጫዋቹ ነው? የቡድኑ ባለቤት የሆነው ፋብሪካ፣ ጦር ክፍል ወይም መሥሪያ ቤት ነው? ወይስ በፀሐይና በዝናብ ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸው ተመልካች ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሐረር ከተማ፣ በተለይም እንደ አቦከር ያሉት ሠፈሮቿ፣ የተመቹ ናቸው። ሐረር በዐሚር ኑር ዘመን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ ያቀፋት፣ በአምስት በሮች የምትገባና የምትወጣ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ጥንታዊት ከተማ ናት። በእግር ኳስ ረገድ ግን ታሪኳ ከሌሎች ይለያል። ዋንጫ በአጠገቧ ብዙ ጊዜ አልፏል። በቤቷ ሲያድር የታየው ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

የዚህ ምክንያት ከኳስ በፊት ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በቆላው በኩል ታጠፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሏ የነገሩን ጠባይ በሚገባ ይገልጻል። ሐዲዱ ባለፈበት ፋብሪካ ቆመ፤ ፋብሪካው ባለበት ወዛደር ተሰበሰበ፤ ወዛደሩ ከሥራ በኋላ ባገኘው ባዶ ሜዳ ደግሞ ኳስ ተንከባለለች። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ የተቀመጠችው አሮጌዪቱ ሐረር የጠቅላይ ግዛቱ ርእሰ ከተማ ሆና ብትቀጥልም ኢንዱስትሪውም ኳሱም ወደ ቆላው ወርደው ነበር።

ከዚህም የተነሣ ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫዎች አብዛኛዎቹ የሐረርጌ ሆኑ። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድንና የሲሚንቶው ቡድን በየተራ አሸነፉ። በዚያ ዘመን የቡድኑ ስም የመሥሪያ ቤቱ ስም ነበረ። ሠራተኛው ስድስት ቀን የሚያገለግለውን ማሽን ስም በሰባተኛው ቀን በሜዳ ዳር እየጠራ ይጮኽ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የአሠሪው የነበረው ስም፣ በመጨረሻዋ ጨዋታ ዕለት የሠራተኛው ይሆናል። ዋንጫ ከባለቤቱ ወደ ተመልካቹ የሚተላለፍበት የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታይቷል። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ፣ ግብጽ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ባለ ድል ነበረች። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ኢትዮጵያን በተመሳሳይ ውጤት፣ 4 ለ 0 አሸንፋታለች። ስለዚህ የጥር 13 ቀን ፍጻሜ በሜዳ ውስጥ ላሉት 11 ሰዎች ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ የቆየ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ነበረ። የጥምቀት በዓል ከተከበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነው።

የጨዋታው ሂደት አንድ የተውኔት ደራሲ ሊያቀናብረው ቢሞክር ተመልካች «አጋነነ» ብሎ የሚተቸው ዓይነት ነበረ። በ35ኛው ደቂቃ የግብጹ ባደዊ አገባ። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ተጠብቆ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ይህ ደስታ የአንድ ደቂቃ ዕድሜ ብቻ ነበረው፤ በ75ኛው ደቂቃ ባደዊ እንደ ገና አስቆጠረ። እልልታ ከአፍ ሳይወጣ ወደ ዝምታ የሚለወጥበትን ቅጽበት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁም ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አራተኛውን ጨመሩ። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሰጡ።

ይህ ድል ሐረርጌን የሚነካበት ቀጥተኛ ምክንያት አለ። ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ አባት በአስመራ የተወለደው ሉቺያኖ የድሬዳዋውን የጥጥ ቡድን ማልያ ለብሶ የተጫወተ ሰው ነው። የአስመራ ልጅ፣ የድሬዳዋ ወዛደር የሚያጨበጭብለት፣ በአዲስ አበባ የአገሪቱን ዋንጫ ተቀበለ። የሐረር ሰው ይህን ዋንጫ «የኛ ነው» ቢል ከሦስቱ ከተሞች ማንም «አይደለም» ሊለው አይችልም። ተመልካችነት በመሬት ርስት እንደማይወሰን ያ ዕለት አሳይቷል።

ሐረር ራሷ ዋንጫ ያየችው በሌላ ጊዜ፣ በሌላም ሁኔታ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ተከፈተ፤ በ1970 ዓ.ም. መግቢያ ጅጅጋ ተያዘች፤ ሐረርም ለወራት የጦር ግንባር ሆነች። የተኩሱ ድምፅ ለከተማዪቱ ቅርብ ነበረ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ የተገኘው ድል ጅጅጋን አስመለሰ። የዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ሻምፒዮን ማን ሆነ? ኦጋዴን አንበሳ! መቀመጫው በሐረር ከነበረው ከአንበሳው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ጋር ስሙን የተጋራ ቡድን ነው።

ይህ ስም በራሱ አጭር የታሪክ መጽሐፍ ነው። አንዱ ቃል ውጊያው የተካሄደበትን ምድር፣ ሁለተኛው የተዋጊውን መለያ ይናገራል። ዋንጫው ሲነሣ ከካራማራ ወዲህ ገና አንድ ዓመት አልሞላም። በዚያ ወቅት በሐረር ሰው የሞተበትና ዘመዱን የሚጠብቅ ብዙ ነበረ። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የኳስ ድል ቁስልን አይሽርም። ነገር ግን ሰው በአንድነት ለመጮኽ የሚችለው በሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ያስታውሰዋል። ከጎጃምም ከወለጋም ከወሎም የመጣው ወታደርና የከተማው ነዋሪ፣ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌውና አርጎባው በአንድ ስም ሊጠሩ የሚችሉበት ዕድል ነበረ።

ሆኖም የቡድኑ ባለቤት ሠራዊቱ ነበረ። በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን ክፍለ ጦሩም አብሮ ተበተነ። የጥጡ ቡድንም በ1975 ዓ.ም. ከወሰደው ዋንጫ በኋላ የቀድሞ ገናናነቱ አልተመለሰለትም። በኋላ ዘመን የሐረር ቢራ ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ የከተማዪቱን ስም ተሸክሞ ተጫውቷል፤ የሊጉን ዋንጫ ግን አላነሣም። ፋብሪካውም በ2003 ዓ.ም. ለውጭ ኩባንያ ተሸጠ። ፋብሪካ ይሸጣል፤ ጦር ይበተናል፤ መሥሪያ ቤት ስሙን ይለውጣል። በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲቀር፣ ከዚያ መስመር ጀርባ የነበረውን ድምፅ የሚያስታውስ ተመልካቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋንጫ በሕግ የባለቤቱ ቢሆንም በታሪክ የተመልካቹ ነው ለማለት ይቻላል።

ተመልካች ሲባል ደግሞ በስታዲየም የተገኘው ብቻ አይደለም። የአቦከር ሰው ከትልልቆቹ የፍጻሜ ጨዋታዎች አብዛኞቹን የተከታተለው በጆሮው ነው። በታኅሣሥ ወር 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ እያንዳንዱን ምት ወደ ሩቅ ከተሞች አደረሰ። በበርጫ ላይ የተቀመጠው፣ በሱቁ ደጃፍ የቆመው፣ ቡና የምታፈላዋ ሁሉ የአንድ ስታዲየም ታዳሚዎች ሆኑ። በዓይን ያላዩትን ኳስ በቃል ኃይል ማየት ከተረት ሰሚነት የሚወረስ ችሎታ ነው፤ የኪነ ጥበብም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻዋ ጨዋታ ግን ሁልጊዜ ለሁሉም ደስታ አትሰጥም። በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውንም በግብ ልዩነት ወሰደ። እንዲህ ባለ ቀን የደጋፊ ዓይን በፊቱ ባለው ሜዳ፣ ጆሮው በሌላው ሜዳ ነው። የራሱ ቡድን ማሸነፉ ብቻ አይበቃውም፤ ስንት ለስንት የሚለውም ይቆጠራል። በአንዱ ከተማ ሆታ ሲሆን በሌላው ዝምታ ይሆናል። አንድ ግብ ሁለት ሕዝብ ታስለቅሳለች፤ አንዱን በደስታ፣ ሌላውን በሐዘን። በእነዚያ ዓመታት በአንዳንድ ስታዲየሞች የደጋፊዎች ጠብ መታየቱም ይህን ሁለትነት መሸከም ያቃተው እንዳለ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ሐረር የምታስተምረው ነገር አለ። የሐረር ሰው አፎቻ የሚባል ጥንታዊ ማኅበር አለው። የአፎቻ አባል በጎረቤቱ ሠርግ ላይ ይገኛል፤ በለቅሶውም ላይ ይገኛል፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻለውም። ደጋፊነትም በእውነተኛ ትርጉሙ ይኸው ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ብቻ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ሲሸነፍም የሚቀመጠው አባል ነው። ይህ ሥርዓት በአንድ ቡድን ደጋፊዎች መካከል ብቻ ሳይወሰን ወደ ተቃራኒው ወገን ቢሻገር፣ ያሸነፈው ሲጨፍር በአጠገቡ ሐዘንተኛ እንዳለ አይረሳም ነበር።

ዛሬ ዋንጫ ያላት ከተማም ሆነች ዋንጫ የናፈቃት፣ የመጨረሻዋን ጨዋታ የሚያስታውሱ አረጋውያን በየሠፈሩ አሏት። የኦጋዴን አንበሳን ስም ሲሰሙ ቀና የሚሉ፣ የጥጡን ቡድን አሰላለፍ በቃላቸው የሚቆጥሩ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ግጥሙም ተውኔቱም የነገሥታትንና የጦር አበጋዞችን ድል ብዙ ጊዜ ዘግቧል፤ ከሜዳ ዳር የቆመውን ሰው ግን ገና በሚገባ አልጎበኘውም። እነዚህ ሰዎች ሳሉ ቃላቸው ቢጻፍ፣ ኦጋዴን አንበሳ በዝርዝር ላይ የቀረ አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ይቀርና ሐረር ዋንጫዋን ለሁለተኛ ጊዜ ትቀበላለች።