ከጋፋት እስከ ትብብር ሥልጠና፤ ለማጅን በሥራ ቦታ ስለ ማስተማር

የሙያ ኮሌጅ ተማሪ ከትምህርቱ ጊዜ ከፍ ያለውን ክፍል በድርጅት ውስጥ እየሠራ እንዲማር የሚያዘው ሥርዓት ዛሬ «የትብብር ሥልጠና» ይባላል። እንደ መመሪያው ከመቶው ሰባው እጅ በሥራ ቦታ፣ ሠላሳው እጅ በኮሌጅ መሆን አለበት። ይህ አሠራር በቅርብ ጊዜ ከጀርመን አገር የተቀዳ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ በአገራችን ከመቶ ስልሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ይኸውም ለማጁ የማን ነው? ለትምህርቱስ ተጠያቂው ማን ነው? የሚል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ይልቁንም በጋፋት ታሪክ ላይ ቆም ብለን ልንመለከተው አስበናል።

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ ብዙ ሳይቆይ በኢየሩሳሌም የነበረው የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪስኮና የሚሲዮን ቤት የወጡ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የጎባ ሐሳብ ሰዎቹ በእጃቸው ሥራ እየተዳደሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ የእጅ ሥራውን ፈለጉት። ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ኋላም ዋልድማየርና ዛልሙለር በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ተቀመጡ። በዚያም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ንባብና ጽሕፈትን ከእጅ ሥራ ጋራ ይማሩ ጀመር። የንባብ ትምህርትና መዶሻ በአንድ ግቢ መገኘታቸው በእኛ አስተያየት ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ መድፉን ብቻ አይተው ያልፉታል።

ሚሲዮናውያኑ መድፍ የማቅለጥ ሙያ እንደሌላቸው ለንጉሡ ቢያስረዱም አልተሰሙም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡም እንደገና ይሞከር አሉ። በዚህ ሁኔታ መምህሩ ከደቀ መዝሙሩ ጋራ እሳት ፊት ቆሞ አብሮ ይማር ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም። በመጨረሻም ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ተሠራ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ መንገድ እየተቆረጠለት በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተጎተተ።

ንጉሡ የባለሙያ ጥማቸው በዚህ አልረካም። በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ሲልኩት ሠራተኞችና የሥራ መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ አዘውት ነበር። የተቀጠሩት ሠራተኞችም ምጽዋ ድረስ መጥተው በእስር ላይ የነበሩት አውሮፓውያን ስላልተፈቱ ወደ መሐል አገር ሳይዘልቁ ቀሩ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ንጉሡ ሞቱ፤ የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ከአገር ወጡ። ዋልድማየር በኋላ በሊባኖስ የብሩማናን ትምህርት ቤት መሥርቷል። የኢትዮጵያ ኪሳራ ለሊባኖስ ትርፍ ሆነ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በጋፋት አሠሪውም፣ የትምህርቱ ባለቤትም፣ የዕቃው ገዢም አንድ ሰው ነበሩ። ለአራሹ ማረሻ፣ ለነጋዴው ሚዛን የሚሠራ፣ በራሱ ገበያ የሚተዳደር ሥራ ቤት ቢሆን ኖሮ ከንጉሡ ሞት በኋላ የሚቀጥልበት ምክንያት ይኖረው ነበር።

ሌላም እንቅፋት ነበረ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ይናቁ ስለ ነበር ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ከመተላለፍ በቀር ወደ ባዕድ ልጅ አይወጣም ነበር። ቡዳ የሚባልን ሰው ልጄን አስተምርልኝ ብሎ የሚለምን ከየት ይመጣል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ንቀቱን ባያጠፋውም ነውርነቱን በመንግሥት ቃል አስታውቋል።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሥራ ጀመረ። በእነዚህ ዘንድ ሙያ በዋናነት የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ስለ ነበር ከአሠሪው ጋራ የመዋዋሉ ነገር ብዙም አላስጨነቀም።

ወደ ጀርመን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው ሕግ የዕደ ጥበብ ምክር ቤቶች ተቋቁመው የለማጆችን ጉዳይ እንዲቆጣጠሩ አደረገ። ከ1900 ጀምሮ የሙኒክ ከተማ የትምህርት ኃላፊ ጌዮርግ ከርሸንሽታይነር ለሚሠሩ ወጣቶች የሚሰጠውን ትምህርት በየሙያው ከፋፍሎ ወርክሾፕ ጨመረለት። በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ ደግሞ ነገሩን አጠናከረው። ውሉ በለማጁና በድርጅቱ መካከል ነው፤ ምክር ቤቱ ይመዘግበዋል፤ ለለማጁ አበል ይከፈላል፤ ለሥልጠናው ዓላማ የማይረዳ ሥራም አይታዘዝም። ኮሌጅ በዚህ ውል ውስጥ ተዋዋይ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የለማጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታም እንዲገለጽበት ያዛል። በትብብር ሥልጠና የሚላክ ተማሪ ግን በብዙ ቦታ የሚሄደው የኮሌጁን ደብዳቤ ይዞ ነው። ከአሠሪው ጋራ የሚስማማው ኮሌጁ ይሆንና ተማሪው እንግዳ ሆኖ ይገባል። የጋራዥ ባለቤት የደንበኛ መኪና ለእንግዳ አይሰጥም፤ ቢበላሽ የሚከፍለው እርሱ ነውና። ስለዚህ ተማሪው መፍቻ ያቀብላል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ሻይ ያመጣል። በመጨረሻም የሥራ መዝገቡ ይፈረምለታል፤ የብቃት ምዘና ሲቀርብ ግን ሞተር ፈትተህ ግጠም ይባላል።

ባለቤቱን ክፉ ሰው ነው ብለን አንከሰውም። ጊዜና ዕቃ ያጠፋል፤ ያስተማረው ልጅም ነገ ወደ ሌላ ጋራዥ ሊሄድ ይችላል። በእኛ አስተያየት የኮሌጁ አስተባባሪ ጥበብ የሚለካው በላካቸው ተማሪዎች ቁጥር መሆን የለበትም። ተማሪው ከመሄዱ በፊት ባለቤቱና አስተባባሪው ተቀምጠው በመጀመሪያው ወር የትኛውን ሥራ በማን ፊት እንደሚነካ፣ በሁለተኛው የትኛውን ብቻውን እንደሚሠራ በጽሑፍ ቢያሰፍሩ፣ የዕቃ መበላሸት ኪሳራም እንዴት እንደሚከፈል አስቀድመው ቢስማሙ፣ ባለቤቱ መኪናውን የማይሰጥበት ዋናው ምክንያት ይቀንሳል። ሦስት ሠራተኛ ባለው ጋራዥ ስምንት ተማሪ መላክም አይገባም፤ ሁለቱ ሲሠሩ ስድስቱ ቆመው ያያሉና።