የመተማ ብርና የቅርጽ ሥራ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሸሕዲ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው መተማ የጎንደርና የሱዳን ሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች፤ ቡናና ሰም ሲወርድ ጠገራ ብር ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር የሆነውን ይህን የማርያ ቴሬዛ ሳንቲም አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና ጌጥ ይሠራበት ነበር። ቅርጽ ማውጣቱ ግን ከማቅለጡ ይከብዳል። በጎንደር ዘመን የናስ መስቀሎች ላይ የእመቤታችንና የቅዱሳን ሥዕል በሹል ብረት ተቀርጿል፤ የሳተ መስመር በቀላሉ ስለማይታረም የእጅ ጽናት ከስለት ይበልጣል።

ዛሬ ቅርጽ በማሽንም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በቁጥር የሚመራ መፈልፈያ ማሽን ለእይታ ቀረበ። የዛሬው በኮምፒውተር የሚመራ የጠረጴዛ መፈልፈያ (ሲኤንሲ) የዚያ ዘር ነው። ለጀማሪ ቅርጽ አውጪ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የአካሉ አለመነቃነቅ ይቀድማል፤ አካሉ ከተንቀጠቀጠ በእንጨት ላይ የሚታለፈው ስሕተት በናስ ላይ ጎልቶ ይታያል።